ለሁለቱ ሳራዎች ያለቀስኩበት ምሽት

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ጥቅምት ላይ፣ እዚሁ ቢቸና፣ በገዛ ቤቴ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ሲያዩኝ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን የሚይዙ ሰዎች አሉ። ወሬው ደብረ ወርቅን አልፎ ሞጣ ገብቷል፤ በየደረሰበትም ያልነበረ ነገር ተጨምሮበታል። አንዱማ ለቴሌቪዥን ተዝካር ልታወጣ ነበር ብሏል አሉ። ስለዚህ የሆነውን እንዳለ ራሴ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። ይቅርታ ልጠይቅበት እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

የሺ እባላለሁ። ገበያው ዳር ክርና ጥለት የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ መምህር ነበር፤ ካረፈ አራት ዓመት አልፎታል። አንዲት ልጅ አለችን፣ ሳራ ትባላለች፣ ደብረ ማርቆስ ሥራ ይዛ እዚያው ትኖራለች። እኔ ብቻዬን ነኝ። ብቻዬን ነኝ ስል ከንፈር እንዲመጠጥልኝ አይደለም። ቤቱ የራሴ ነው፣ ሱቁም የራሴ ነው፣ አመሻሽ ላይ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ፊልሜ አለ።

ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ ነው። በልጅነቴ በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው የጋሽ ሰይድ ቤት። ልጃቸው ዘሀራ እኩያዬና ጓደኛዬ ናት። ቴሌቪዥኑ በር ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ሣጥኑ ላይ ዳንቴል ጣል ተደርጎበታል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሰይድ ጄኔሬተራቸውን ያስነሱና ሣጥኑን በቁልፍ ከፍተው የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ፣ ምንጣፉ ላይ ያስቀምጡናል። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ብዙ ጊዜም በረዶ የሚወርድበት ይመስላል። አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፣ ከታች ያለነው ደግሞ «እዚያ ላይ ያዘው፣ አትንካው» እያልን እንጯጯሃለን። ድራማው ሲጀምር ግን ትንፋሽ አይሰማም። እኔና ዘሀራ የዚያን ቀኑን እስከሚቀጥለው እሁድ ድረስ ውኃ ስንቀዳም፣ ትምህርት ቤት ስንሄድም እየተቀባበልን እንተውነው ነበር።

አባቴ ይህን አይወዱም ነበር። ሴት ልጅ ሰው ቤት ተጎልታ ሥዕል ስታይ መዋል የለባትም ይላሉ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ይስማው ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበሩ። እሳቸው ጋሽ ሰይድ ቤት ወንበር ተሰጥቷቸው ያያሉ፣ ማንም አይናገራቸውም። እኔ በአጥር ሾልኬ እሄዳለሁ፣ ስመለስ አለንጋው ይጠብቀኛል። ሁልጊዜ የምገረፈው ግን ድራማውን አይቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ተገርፌ የቀረሁበት እሁድ ትዝ አይለኝም።

ከባለቤቴ ጋር ቢቸና ጎጆ ስንወጣ ከአልጋ ቀጥሎ የገዛነው ዕቃ ቴሌቪዥን ነበር። እሱ ዜናና ኳስ ያያል፣ እኔ የእሁዱን ድራማ፣ የበዓል ዋዜማ ፕሮግራም ሲሆን ሁለታችንም ጎን ለጎን። ከዚያ ዲሽ መጣ፣ ከዲሹም ጋር በአማርኛ የሚተረጎሙት የውጭ ተከታታይ ፊልሞች መጡ። ሰው ይንቃቸዋል። ወንዶቹ የሥራ ፈት ነገር ነው ይላሉ። እነሱ ለአንድ ኳስ ብለው ምግብ ቤት በር ላይ ተጋፍተው ጉሮሯቸው እስኪነቃ ሲጮሁ ሥራ ፈት የሚላቸው የለም።

አምና እከታተለው የነበረው ፊልም ባሏ የሞተባት ሴት ታሪክ ነበር። ዳቦ ቤት አላት። የባሏ ወንድሞች ቤቱንም ዳቦ ቤቱንም ሊወስዱባት ያልፈነቀሉት ድንጋይ የለም፤ እሷ ግን አልወጣም ብላ ቆማለች። ስሟ እንደ ልጄ ሳራ ነው። አጋጣሚ ነው፤ እኔ አላወጣሁላትም። ዘሀራ ሞጣ ሆና ታየዋለች፣ እኔ ቢቸና ሆኜ አየዋለሁ፣ ማስታወቂያ ሲገባ እንደዋወላለን። የገበያ ቀንም ቢሆን ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ለአስራ ሁለት ሰዓት እደርሳለሁ።

ነገሩ በደረሰብኝ ቀን የፊልሟን ሳራ ገደሏት። ትንሹ የባሏ ወንድም በመኪና አድብቶ ከዳቦ ቤቷ ስትወጣ ገጫት። እጇ ላይ የነበረው ቁልፍ አስፋልቱ ላይ ወድቆ ሲታይ ማስታወቂያ ገባ። እንባዬ ገና ስትገጭ ነው የመጣው። ስልኬን አንስቼ ለዘሀራ ደወልኩ። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል፤ ዘሀራ «ምን አልሽ? አይሰማኝም» ትላለች። ስለዚህ በጣም ጮህኩ። «ሳራ ሞተች። ሳራዬን ገደሏት እኮ» አልኩ። ሳልጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። ትንሽ ቆይቶ መብራትም ሄደ።

ጨለማ ውስጥ ሶፋው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ድምፄን አውጥቼ ነው ያለቀስኩት። ለወራት በየቀኑ ያየኋት ሴት ናት። ባለቤቴ ሲሞት እንዴት እንደማለቅስ፣ መቼ ዝም እንደምል፣ ማን አጠገብ እንደምቀመጥ ሁሉ ሰው ነው የነገረኝ። በዚያ ምሽት ማንም አልነበረምና እንደ ልቤ አለቀስኩ።

ብዙም አልቆየሁ፤ በሩ በርግዶ ተከፈተ። ጎረቤቴ እናትነሽ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች፣ «ሳራዬን፣ ልጄን፣ ምን አገኘብን» እያለች ገባች። ከኋላዋ ሌሎች ሦስት ሴቶች እያለቀሱ ተከተሏት። አንዷ ስልኳን አብርታ ስለነበር ፊታቸውን አየሁት። እናትነሽ ሳራን ከእኔ እኩል ያሳደገች ሴት ናት። ፊቷ የእውነት ነበር።

በዚያች ደቂቃ ያሰብኩትን አልረሳውም። መርዶ ይዘው የመጡ መሰለኝ። ለኔ ስልክ እምቢ ሲል ለእነሱ ከደብረ ማርቆስ ተደውሎ ልጄ መሞቷን የሰሙ መሰለኝ። የፊልሟ ሳራ ከራሴ ጠፋች። ወለሉ ላይ ወደቅሁ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም።

እናትነሽ አቅፋ ያዘችኝ። ቤቱ ሞላ። ከውጭ የወንዶች ድምፅ ይሰማኛል። የእድሩ ዳኛ ድንኳኑ ነገ በጠዋት እንዲተከል ሲያዝዙ ሰማሁ። ሌላው «አስከሬኑ በምን ይመጣል? መንገዱስ?» ሲል ሰማሁ። አስከሬን ያለው ልጄን ነው። አንዲት ሴት ውኃ ፊቴ ላይ ትረጫለች። እኔ እዚያ ወለሉ ላይ ሆኜ ሳራ ትናንት በስልክ ያለችኝን ቃል ለማስታወስ እታገላለሁ፤ አንዱም አልመጣልኝ አለ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ድምፄ ሲመለስ የእናትነሽን እጅ ያዝኩና «ማን ነገራችሁ?» አልኳት።

«ምኑን?»

«የልጄን ነገር። ማን ደወለላችሁ?»

ማልቀሷን አቆመች። «አንቺ ነሽ እንጂ» አለች። «ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ሰማሁሽ። ሳራዬን ገደሏት ብለሽ በስልክ ስትጮሂ ሰምቼ ነው የመጣሁት። ለነዚህም የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ግን ደስታ አልመጣም። «እሷ የፊልሟ ሳራ ናት» አልኩ። «የአስራ ሁለት ሰዓቱ ፊልም። ልጄ አይደለችም። ልጄ ደኅና ናት መሰለኝ።»

ከሴቶቹ መሐል አንዷ፣ አሁንም እንባዋ በጉንጯ ላይ እንዳለ፣ «ውይ፣ ሳራ ሞተች እንዴ? ማን ገደላት?» አለች። እሷም ታየው ኖሯል፣ ዛሬ አምልጧታል።

ከዚያ በኋላ የሳቀ ሳቀ፣ የተቆጣ ተቆጣ። የእድሩ ዳኛ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ። ወንዶቹ እያጉረመረሙ ወደየቤታቸው ሄዱ። እናትነሽ ግን ከኔ ጋር አደረች፤ ምክንያቱም ስልኩ አሁንም አይሠራም፣ እኔም የልጄን ድምፅ እስክሰማ ድረስ እንቅልፍ አይወስደኝም። በጠዋት ኔትወርኩ ሲመለስ ሳራ ቀድማ ደወለች። «እማ» ስትል ሰማሁ። ስልኩን ለእናትነሽ ሰጠኋት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ምሽቱን ወደ ሞጣ ያለፈ አንድ የአይሱዙ ሹፌር መርዶውን ይዞ ሄዶ ኖሯል። ረፋድ ላይ ጋሼ ይስማው ከሞጣ ደረሱ። ዓይናቸው አብጧል። በሩ ላይ አቅፈውኝ ሲያለቅሱ ጆሯቸው ላይ «ጋሼ፣ ሳራ ደኅና ናት። በስህተት ነው» አልኳቸው። ተንበርክከው መሬት ሳሙ። እግዚአብሔርን አመሰገኑ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ።

ተቀምጠው ውኃ ከጠጡ በኋላ ስህተቱ ምን እንደነበር ጠየቁኝ። የስም መመሳሰል ነው ብዬ ላልፈው እችል ነበር። አላደረግሁትም። እንዳለ ነገርኳቸው። እየሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ለቴሌቪዥን ነው ያለቀስሽው?» አሉ።

«አዎ።»

«እኔ ለዚህ ነው ሌሊቱን ሳለቅስ ያደርኩት? ለዘመድ ሁሉ መርዶ የነገርኩት?»

ማዘናቸው ይገባኛል። የደከሙበትንም አልረሳውም። ይህን ሁሉ አልኳቸው። እሳቸው ግን ሌላ ነገር በልባቸው ነበር። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ ቤቱን አከራይቼ ሞጣ እሳቸው ጋ እንድገባ ይፈልጋሉ። ሴት ብቻዋን መኖር የለባትም ይላሉ። እኔ እምቢ ስል ቆይቻለሁ። አሁን ምክንያት አገኙ። የነፍስ አባቴን አባ ተክሌን አስጠሩ።

አባ መጥተው ተቀመጡ። ጋሼ ይስማው ነገሩን ከሥሩ አስረዱ። ብቸኝነት አእምሮዬን እንደነካው፣ ከሥዕል ጋር እንደማወራ፣ ለሌለ ሰው እንደማለቅስ ነገሯቸው። «ቤቱ ይከራይ፣ ሱቁ ይዘጋ፣ እሷ ከኔ ጋር ትሂድ» አሉ። ይህን ሲናገሩ ተነስተው ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዱ። የዲሹን ሪሲቨር ነቀሉትና በጋቢያቸው ጠቀለሉት። «ይህን ደግሞ እኔ እወስደዋለሁ» አሉ።

ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ጋሼ ይስማውን በሕይወቴ ቀና ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም። ያን ጊዜም በአንቱታ ነው የተናገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ዕቃዬን ያስቀምጡልኝ።»

«ለራስሽ ነው።»

«ለራሴ የሚሆነኝን እኔ አውቃለሁ። አባታችን በአለንጋ ያላስተዉኝን እርስዎ በሽማግሌ ያስተዉኛል? ያን ጊዜ እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር፤ እኔ አይቼ ስመለስ እገረፍ ነበር። አሁን ቤቱም ወንበሩም የኔ ነው።»

እጄን ጋቢያቸው ውስጥ አስገብቼ ሪሲቨሩን አወጣሁት። አልታገሉኝም። እንደዚያ አደርጋለሁ ብለው ስላልጠበቁ ይመስለኛል። ዕቃውን ደረቴ ላይ ይዤ ቆምኩ። አባ ተክሌ ሁለታችንን ያዩናል።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። እናትነሽ ናት። ቀጥሎ ያቺ «ማን ገደላት?» ያለችው ሴት ገባች። ከዚያ ሌሎች ሁለት። የአባን መስቀል ተሳልመው ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረው ተቀመጡ።

«እናንተስ ምን ፈልጋችሁ ነው?» አሉ ጋሼ ይስማው።

እናትነሽ አንገቷን ደፋች። «ስድስት ሰዓት ላይ ይደገማል አሉ። መብራት ሄዶ መጨረሻውን አላየችም። እኛም ትናንት ያለቀስንላትን ሴት እንያት ብለን ነው» አለች።

ጋሼ ይስማው ወደ አባ ዞሩ። «ይኸው ይዩ አባ። እውነቱንና ሥዕሉን መለየት አቅቷታል። ጎረቤቱንም ልታሳብድ ነው።»

ይህን ስሰማ ተናደድኩ። ግን ድምፄ ዝቅ ያለ ነበር።

«ልዩነቱን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም ጋሼ» አልኩ። «ትናንት በአንድ ምሽት ለሁለቱም አልቅሻለሁ። ለፊልሟ ሳራ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ፤ ደስ እያለኝ አለቀስኩ ማለት እችላለሁ። ልጄ የሞተች የመሰለኝ ጊዜ ግን ድምፅ አልነበረኝም። እናትነሽ እዚሁ ናት፣ ይጠይቋት።»

እናትነሽ ሳትጠየቅ መለሰች። «አልጮኸችም» አለች። «ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የላትም። እጇ እንደ በረዶ ነበር። እኔ ነኝ የጮህኩላት። የሞተችብኝ መስሎኝ ነበር፣ እሷ ራሷ።»

ከዚያ አባ ተክሌ መስቀላቸውን ከጭናቸው ላይ አነሱ።

«አቶ ይስማው» አሉ፣ «ሴትዮዋ ቅዳሴ አታስታጉልም። ሱቋን በሰዓቱ ትከፍታለች። የታመመ ስትጠይቅ፣ የሞተ ስትቀብር አያታለሁ። ልቧ ቶሎ ይነካል፤ ይህ እብደት አይደለም። እኔ ምን ብዬ ነው ከቤትሽ ውጪ የምላት?» ቀጥለው ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ በጾም ወራት ተዪው።»

«አባ፣ ሕማማትን እተወዋለሁ» አልኩ። «ሌላውን ቃል አልገባም። ገብቼ ከምዋሽዎት ይሻላል።»

ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። በኋላ «ይሁን» አሉ።

ሪሲቨሩን መልሼ ሰካሁት። ጋሼ ይስማው ምሳ ይብሉ ብዬ ለመንኳቸው፤ እምቢ ብለው ሄዱ። እስከ መንገድ ሸኘኋቸው፤ ባጃጁ ላይ ሲወጡ ሳሙኝ፣ ግን ዓይኔን አላዩኝም። ስመለስ ፊልሙ ተጀምሮ ነበር። ያ ቁልፍ አስፋልቱ ላይ ሲወድቅ ሴቶቹ ሁሉ አብረው አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። የኔን ጨርሼ ነበር።

ወንድሜ ለወራት ሳይደውሉልኝ ቀሩ። ለፋሲካ እኔ ራሴ ዶሮና እንቁላል ይዤ ሞጣ ሄድኩ። በደንብ ተቀበሉኝ፣ አብረን ፈሰክን። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አላነሱም። ልሄድ ስነሳ ብቻ «አሁንም ታያለሽ?» አሉኝ።

«አያለሁ ጋሼ» አልኳቸው።

ከእሳቸው ቤት ወጥቼ በቀጥታ ዘሀራ ጋ ገባሁ። ያን ቀን መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ እሷም ለፊልሟ ሳራ ብቻዋን ስታለቅስ እንዳመሸች ነገረችኝ። ሁለታችንም ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን የአዲሱን ፊልም ሁለት ክፍል አየን።

ልጄ ሳራ ስትስቅብኝ ከርማለች። አንድ ቀን ግን ስልክ ላይ ሳቋን አቁማ «እማ፣ ያን ምሽት ምን ተሰማሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ አትስቅበትም።

አሁን ሳስበው፣ ከሁሉ በላይ የሚታሰበኝ የሰው ሳቅ አይደለም። ያ ሁሉ ጎረቤት ልጄ የሞተች መስሎት እራቱን ጥሎ መምጣቱ ነው። ለዚያ እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ አመሰግናቸዋለሁ። የነበርኩበት ጭንቀትም አይረሳኝም፤ አንዳንድ ቀን ስልክ ሲቋረጥ አሁንም መልሼ መልሼ እደውላለሁ። ነገር ግን ያ ምሽት ይደገምብኛል ብዬ ደስታዬን የምሸሽግ ሴት አይደለሁም። አዲሱም ፊልም አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሱቄን ዘግቼ እመጣለሁ፣ በሬን እከፍታለሁ፣ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ፣ የሚያስለቅስ ከመጣ አለቅሳለሁ። በአጥሬ ሥር የሚያልፍ ሰው ማን እንደሞተ ማወቅ ከፈለገ፣ ገብቶ ይጠይቀኝ። መቀመጫ አለ።